የሌሊት ዘጠኝ ሰዓት

በዊኒፔግ ዳርቻ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ከደጅ ብርዱ ሃያ ዲግሪ ከዜሮ በታች ወርዶ፣
ከውስጥ ምድጃው ሲግል፣ ዘይቱ ሲንጣጣ፣
ሊጡ ቀለበት ሠርቶ በሰንሰለት ሲመጣ፣
ቆሜ አድራለሁ እኔ ከስኳር ፏፏቴ ሥር፣
ሁዳዴን በሆዴ ይዤ የሰው ዶናት ስቆጥር።

የተሰበረ አይሸጥም፤ ትሪው ላይ ይጣላል፤
ያደረ ሠራተኛ እንዳሻው ይበላል።
«በነጻ ነው፣ ብሉ» ሲል አለቃችን ለጥፏል።
ለአዳም አንድ ዛፍ ነበር፤
በእኔ ፊት በየደቂቃው ሰማንያ ያልፋል።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው አንድ እሑድ፦
«ቀን ተኝቶ የሚውል፣ ሌት ሲሠራ የሚያድር፣
አባ፣ የጾም ሰዓቱን ከየት ጀምሮ ይቁጠር?»
አባ ዘሚካኤል ጢማቸውን ዳበሱና
«ሰዓቱን አንተ ታውቃለህ፤ እርሱም ያውቅሃልና»
ብለው መስቀል አሳለሙኝ።
መልስ መስሎኝ ነበር ያኔ፤
ለካ ክስ ኖሯል በእኔ።

በአምስተኛው ሳምንት ፈታኙ መጣ ሌት።
ቀንድ የለው፣ ጭራ የለው፤ የሕግ ሰው ነው፣ ትሑት።
ወደ ግድግዳው ሰዓት በጣቱ ጠቆመኝ፤
«በእናንተ አቆጣጠር ስንት ነው?» አለኝ።
ፈረንጅ ሦስት ይለዋል፤ ዘጠኝ ነው በእኛ።
«ዘጠኝ ከሆነማ ምን ያስጨንቅሃል?
ዘጠኝ ያው ዘጠኝ ነው፤ ሌትስ መች ይለያል?»
«ወተቱስ? እንቁላሉስ?» ብዬ ብከራከር፣
«ከስባሪ ውስጥ ወተት ማን አየ ሲቆጠር?»

ሳቅሁበት። ሞገትሁት። በመጨረሻም ረታሁት።
ደረቴን ነፋሁ፤ ስሜን ከጻድቃን ተርታ አሰፈርሁት።

ከዚያ ጓንቴን ስቀይር
አውራ ጣቴን ላስሁት።
ሳላስብ። ሳልጎመጅ።
ጠበቃውን በበር ብመልሰው፣ በመስኮት ገባ እንደ ወዳጅ።

ጣፈጠኝ። የከፋው ይህ ነው፤ ጣፈጠኝ።
ከትሪው አንሥቼ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያነቀኝ፣
አራተኛውን ስጎርስ ሮዛሊንዳ አየችኝ።

እንደምጾም ታውቃለች፤
ለፈረቃው ሁሉ አውርቻለሁ፣ ለጽዳቱም ልጅ ሳይቀር።
አልሳቀችም። እጇን ከሽርጧ ኪስ ከትታ
አንዲት ሳንቲም አሳየችኝ መዳፏን ፈትታ።
«ከመጠጥ የራቅሁበት ነው፤ ዘጠኝ ዓመት» አለች።
«ዘጠኝ ዓመት ስጠኝ ብዬ ግን ለምኜው አላውቅም፤
ይቺን ሌሊት ብቻ ነው፤ ለነገ አላስቀምጥም።»
ያለ ስብከት፣ ያለ ምክር፣ ትሪውን ከፊቴ አርቃ
ወደ መስመሯ ተመለሰች፣ ጓንቷን መልሳ አጥልቃ።

ራስን መግዛት ይባላል ይህ ነገር በእኛ ቋንቋ፤
እንደ ንጉሥ ነው መግዛት? ወይስ እንደ ገበያ ዕቃ?
ሰዓቴን እሸጣለሁ፣ አንዱን በአሥራ ሰባት ዶላር፤
ሥጋዬን ልግዛ ብዬ ሳንቲም ስለቅም ባድር
የዓመት ደመወዜ ሁሉ ለአንድ አውራ ጣት አይበቃ።
ለካስ ገዢው ቀድሞኛል፤ ገበያው ተፈቷል በቃ።
ተገዝቻለሁ በዐርብ፣ በቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤
ደረሰኙ በእጁ አለ፣ የሚስማር ማኅተም ያለበት።

ጌታ ሆይ፣ አንተ ገዝተኸኝ እኔ በራሴ ነጋዴ አልሁን፤
ሆዴ ሲጾም የሚራበው፣ ስልኬን በስርቆት የሚያየው
ዓይኔም ንብረትህ ይሁን።
እኔ ይህን ብረት ስጠብቅ አንተ ጠብቀኝ እኔን፤
ሁዳዴውን አልልህም፤ ይቺን አንዲት ሌሊቴን።

ማሽኑ አልቆመም። ዶናቱ አላለቀም።
አውቶቡሱ መጣ ንጋት ላይ፣ በረዶ ከጎማው ሥር እየጮኸ።
ጓንቴን አላወለቅሁም እስክከፍት ድረስ ቤቴን፤
ገና ነው፤ አላመንሁትም፣ ይህን አውራ ጣቴን።